ዳራዎ ተይዟል

«በጣም ጥሩ ነው፤ ብቻ ከረጢቱ ሦስት ሳይሆን አራት ነው» አሉ አቶ ናሆም ከመስኮቱ ወዲያ ሆነው።

ባንቺአየሁ አፏን እንደከፈተች ቀረች። «የምኑ ከረጢት?»

«የከሰሉ ነዋ። እናትየው በሳምንት አራት ከረጢት ነው መኪና ላይ የሚጭኑት። ሦስት ካሉ ነጥብ ይቀነስብዎታል። ሌላው ሁሉ ግን ልቅም ያለ ነው፤ ድምፅዎም ደስ ይላል። የቃል ውድድሩ ግን እዚህ አይደለም፣ ሦስተኛው መስኮት ነው።»

«የምን ውድድር?»

«የመሪዎች ዳራ ውድድር። ለልጅ ልጅዎ አይደል የሚያጠኑት?»

ባንቺአየሁ የልጅ ልጅ የላትም፤ ልጅም የላትም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና፣ በሕይወቷ ለሁለተኛ ጊዜ ያን ነገር መናገር ጀምራ ገና ከረጢቱ ላይ ነበረች።

«አቶ ናሆም፣ ተሳስተዋል» አለች፣ ደረቷ ላይ ያለውን የጣቢያ መታወቂያ በጣቷ መታ መታ እያደረገች። «ውድድር አልመጣሁም። ዳራ ላስመዘግብ ነው የመጣሁት። የነገርኩዎትም የማንንም አይደለም፣ የራሴን ነው። እናቴ የምትጭነው ሦስት ነው። አራት ብትጭንማ ኖሮ ጫማ በገዛችልኝ።»

አቶ ናሆም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ደህና አድርገው አዩዋት። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። ክፉ ቃል አይወጣቸውም፤ ደግ ቃል ቢሆንም በቁጠባ ነው የሚያወጡት።

በ2063 ዓ.ም. በፀዳል የአየር ንብረትና የንጹህ ኃይል ማኅበር ወንበር ላይ ለመቀመጥ ትምህርት ብቻውን አይበቃም፤ ትምህርትማ ሁሉም አለው። የሚጠየቀው ዳራ ነው። መሪ የሚሆን ሰው ጨለማውን፣ ጭሱን፣ ድርቁን ወይም ጎርፉን በገዛ ቆዳው የኖረ መሆን አለበት። «የኖረ ይምራ» ይላል ደጁ ላይ የተጻፈው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገሩ የተበላሸው ዳራ እንደ ቤት ካርታ መሰጠት ሲጀምር ነው፦ ቁጥር ወጥቶለት፣ ሦስት ምስክር ቆሞለት፣ ለአንድ ሰው ብቻ።

ባንቺአየሁ በአባዶ የባትሪ ጣቢያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አርባ አንድ ብሎክ የሚያበራውንና የሚያቀዘቅዘውን ባትሪ በድምፁ ነው የምታውቀው፤ የታመመውን ከጤነኛው ለመለየት መሣሪያ አታወጣም፣ ጆሮዋን ትለጥፋለች። በዚህ ሁሉ ዘመን አምስት ኃላፊ አሳልፋለች። የአምስቱም ዳራ ድንጋይ ያስለቅሳል። አንደኛው በልጅነቱ ውሃ ፍለጋ በቀን አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር በእግሩ የተጓዘ ነው፤ ጣቢያው ድረስ ግን አንድ ቀን ያለ መኪና መጥቶ አያውቅም። አንዷ ጎርፍ ሁለት ጊዜ ቤቷን የወሰደባት ናት፤ ፊውዝ ሲቃጠል ወንበር ላይ ወጥታ ትጮኻለች። ባንቺአየሁ ሁሉንም አስተማረች፤ እነሱም ከእሷ ተምረው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አደጉ።

አምስተኛው ባለፈው ወር ሲሄድ ሠራተኛው በሙሉ «በቃ፣ አሁንስ ያንቺ ነው» አላት። ፈተናውንም አንደኛ ወጣች። የቀራት ዳራ ነው። እስከ ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ካላስመዘገበች ቦታው ለሁለተኛው ተወዳዳሪ ያልፋል። ሁለተኛው ባትሪ ነክቶ አያውቅም፤ በልጅነቱ ግን አንበጣ አይቷል።

«ይቆዩኝ» አሉ አቶ ናሆም፣ ፊታቸው ያለውን ሰሌዳ እየነኩ። ከዚያ የመኪና ማቆሚያ ማስታወቂያ በሚመስል ድምፅ ማንበብ ጀመሩ። «‹በልጅነቴ እንጅባራ አጠገብ ባለች መንደር ከእናቴ ጋር ከሰል አከስል ነበር። የሚነደውን ክምር በአፈር ስናዳፍን ቀኝ ክንዴን አቃጠለኝ። ፊደል የለየሁት በመንገድ ዳር ነዳጅ ማደያ መብራት ሥር ነው...›»

ባንቺአየሁ ቀኝ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን በመስኮቱ አሳለፈች። «ይኸው!»

«አዎ» አሉ አቶ ናሆም ጠባሳውን ገረፍ አድርገው። «እሳቸውም አላቸው። ፎቶው ላይ ይታያል።»

«እሳቸው ማን ናቸው?»

«ባለ ካርታዋ። ዋና ዳይሬክተራችን፣ ዶክተር ሶስና ክፍሉ።»

መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነው። «ሶሲ? ሶሲ እኮ ቦሌ ነው ያደገችው! የልጇ ክርስትና እናት ነኝ፤ ብሎካችን ውስጥ፣ ከራሴ በላይ ባለው ፎቅ ነው የምትኖረው። ከሰል በዓይኗ አይታ ታውቃለች?»

«ይሄን እዚህ መስኮት ላይ ባይሉት ይሻላል።»

«ይቀጥሉ እስቲ። ከማደያው በኋላ ምን ይላል?»

አቶ ናሆም አነበቡ። «‹ታናሽ እህቴ ጥሩዬ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ውርጭ የጣለ ዕለት በረደኝ አለች። እናታችን ለቅሶ ሄዳ ነበር። የከሰሉን ማንደጃ ወደ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንዲሞቃት ብዬ በሩን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ ክምሩን ልጠብቅ ወጣሁ። እናቴ ተመልሳ ባየች ጊዜ ለመንደሩ ሁሉ ማንደጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ አለች፤ ጥፋቴን እስክትሞት ተሸከመችልኝ።›»

ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ስሙ እንኳ አልተለወጠም። ጥሩዬ ነው የሚለው።

«ያመጡት ወረቀት ላይ ከሦስቱ ምስክሮችዎ ሁለቱ ጎረቤቶችዎ አቶ ቶሌራና ወይዘሮ ሄለን ናቸው» አሉ አቶ ናሆም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለቱም የዛሬ ስድስት ዓመት ይሄንኑ ልጅነት ለዶክተሯ መስክረዋል። አንድ ልጅነት ለሁለት ሰው። አይሆንም።»

«የሷ ሦስተኛ ምስክርስ ማን ነው?»

አቶ ናሆም ሰሌዳውን አዩ። እሷን አዩ። መልሰው ሰሌዳውን አዩ። «እሱን እሳቸው ቢነግሩዎት ይሻላል።»

«ምን ይሻለኛል ታዲያ?»

«እንደ ደንቡ ሌላ ዳራ ይዘው መምጣት ይችላሉ።»

«ሌላ ልጅነት ከየት አመጣለሁ?»

«ሰው ከየት እንደሚያመጣው አላውቅም» አሉ አቶ ናሆም። «ግን ያመጣል።»

አምስት ሰዓት ሆነና የጥላ ሰዓት ደወል ጮኸ። መስኮቱ እስከ አሥር ሰዓት ተዘጋ።

በጥላ ሰዓት ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ሰው ሜዳ አያቋርጥም። ባንቺአየሁም እንደ ሁሉም ሰው በፀሐይ ኃይል ፓኔሎቹ ጥላ ሥር፣ ግድግዳውን ታክካ፣ ነጭ የተቀባውን መንገድ በጎን እያየች ወደ አባዶ ሄደች። ጥላው ጠባብ ስለሆነ የሚመጣና የሚሄድ ሲገናኝ አንዱ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቆማል፤ ደንቡ በዕድሜ ነው። ዛሬ ለትልቅም ለትንሽም እሷው ቆማ አሳለፈች።

ትምህርት ቤቱ ጋ ስትደርስ ልጆቹ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። በጥላ ሰዓት የቃል ትምህርት ነው። አርባ ልጅ በአንድ አፍ ይጮኻል፦

«የከሰሉን ማንደጃ፣ ወደ ቤት ያስገባሁት፣ እኔ ነኝ!»

«አልሰማሁም!» ትላለች መምህርቷ።

«እኔ ነኝ!»

ሶስና ዋና ዳይሬክተር ከሆነች ሦስት ወሯ ነው። የእሷ ዳራ በየትምህርት ቤቱ መባል የጀመረው በዚህ ወር ነው። ፎቶዋ ያለበትን መጽሔት ራሷ ፈርማ ለባንቺአየሁ ሰጥታታለች። ባንቺአየሁም ኮራ ብላ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁማዋለች፤ እንግዳ ሲመጣም «አበልጄ ናት» ትላለች። ሽፋኑን በየሳምንቱ ትወለውለዋለች። ውስጡን ግን ገልጣ አላየችም። አሥራ አንድ ዓመት አብራት የበላችውን፣ አብራት የታመመችውን ሰው ሕይወት ከመጽሔት ታንብብ?

ብሎካቸው ደረጃ ላይ አቶ ቶሌራ እንደ ልማዳቸው ቀዝቃዛው እርከን ላይ ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ድሮ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አሁንም ቲኬት እንደሚጠይቁ ሆነው ነው የሚያዩት።

«እመቤት ኃላፊ! ሹመቱ ጸደቀ? ድግሱ መቼ ነው?»

«አቶ ቶሌራ፣ ለኔ የፈረሙትን ወረቀት አንብበውታል?»

«የቱን?»

«ትናንት የፈረሙትን። ስለ ልጅነቴ የተጻፈውን።»

«አሃ፣ እሱን!» አቶ ቶሌራ እጃቸውን አወናጨፉ። «ጎረቤት ወረቀት ይዞ ሲመጣ ቁጭ ተብሎ ይነበባል እንዴ? ነውር አይደለም? ‹አላምንሽም› ማለት እኮ ነው።»

«ለሶስናስ? የዛሬ ስድስት ዓመት?»

«ለሷም ፈርሜያለሁ። ለማን ያልፈረምኩት አለ? ለሄለን ፈርሜያለሁ፣ ለዘበኛው ፈርሜያለሁ። ያን አንደኛ ፎቅ የነበረውንና ሸሽቶ የጠፋውን እንኳ ‹ጸባየ ሸጋ ነው› ብዬ ፈርሜለታለሁ።» ፊቷን አዩና ቀልዱን ተዉት። «ምነው ባንቹ? ቃሉ ተሳስቶ ነው? ካስፈለገ ዛሬም እፈርማለሁ።»

«አይ፣ ይብቃዎት» አለች።

ደረጃውን ስትወጣ አቧራው ትዝ አላት። የዛሬ ስምንት ዓመት ነው፤ አቧራ ሦስት ቀን ሙሉ ሰማዩን ሸፍኖ በቀትር የጨለመ ጊዜ። ፓኔሎቹ ሞቱ፣ ባትሪው ሊያልቅ ደረሰ፣ እሷም ለክሊኒኩ ብቻ እንዲደርስ እየቆራረጠች ትልካለች። ሶስና ያኔ ዶክተርም ዳይሬክተርም አልነበረችም፤ የማኅበሩ ሪፖርት ጸሐፊ ነበረች። እርጥብ ፎጣ አፍንጫዋ ላይ አስራ ላግዝሽ ብላ ባትሪ ክፍል ወረደች። አቧራው እንዳይገባም በሩን ዘጋችው።

ባንቺአየሁ ያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት ከዚያ በፊትም በኋላም ጮኻ አታውቅም። «በሩን ክፈቺው! ክፈቺው ብዬሻለሁ!»

ሶስና ከፈተችው። ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። ባንቺአየሁ ለምን በር ገጥማ እንደማትዘጋ ነገረቻት፤ ስለ ክምሩም፣ ስለ ውርጩም፣ ስለ ጥሩዬም። ከእናቷ በቀር ሰው የማያውቀውን። እናቷ ሞታለች። ሶስና እንባዋ ከአቧራው ጋር ጭቃ ሆኖ ፊቷ ላይ እየወረደ «በክርስትና ልጅሽ ይሁንብኝ፣ ከዚህ አይወጣም» ብላ ማለችላት።

እንዲያ ነበር የማለችው።

ሶስና በቤት ነጠላ ጫማ ወጥታ ከፈተችላት። ዳይሬክተር ብትሆንም ብሎኩን አልለቀቀችም፤ ከሕዝብ መሀል መኖሯ ዳራዋ ላይ ተጽፏል።

«አበልጄ! ነይ ግቢ እንጂ፣ በዚህ ሐሩር! ቀዝቀዝ ያለ በሶ ልበጥብጥልሽ።»

እጅጌዋ አጭር ነው። ቀኝ ክንዷ ላይ ጠባሳ አለ። ባንቺአየሁ ጠባሳውን አይታው ታውቃለች፤ «ዘይት ነው» ብላት ነበር፣ ያኔ ቅባት ይዛላት መጥታለች። አሁን ግን ቀረብ ብላ አየችው። ያምራል። ከእሷ ጠባሳ ይልቅ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የተስተካከለ ነው። የእሷ እንደ መጣበት ነው የዳነው።

«ሶሲ፣ ጥሩዬ ማን ናት?»

ሶስና የበሶውን ማንኪያ አስቀመጠች። ድንጋጤ አልታየባትም። የደከማት ነው የምትመስለው፤ ረጅም ቀጠሮ ጠብቃ የደረሰላት ሰው።

«ዛሬ ሄድሽ እንዴ? ሳትሄጂ ልነግርሽ ነበር።»

«ማን ናት አልኩሽ?»

«እህትሽ ናት።»

«አይደለችም። ካርታ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«ባንቹ፣ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ሶስና ራሷ ተቀመጠች። «የኔ ዳራ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አባቴ ጄኔሬተር አስመጪ ነበር። ከተማው ሲጨልም የኛ ቤት ድግስ ነው። መብራት ሲመጣ እናቴ ታዝናለች። እኔን ያስተማረኝ ናፍጣ ነው። ይሄን ይዤ የት ልቅረብ?»

«ይሄንኑ ይዘሽ ነዋ።»

«ቀርቤያለሁ። ሁለት ጊዜ። ሁለቴም ካለፉት ሁሉ አንደኛ ወጥቼ፣ ሁለቴም ከኔ ያነሰ ሰው አስቀመጡ፤ አንዱ ድርቅ ነበረው፣ አንዱ መፈናቀል። እኔ ሥራውን እችለዋለሁ ባንቹ። አሥራ አራት ከተማ አብርቻለሁ። ይሄን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እኔም የኔን ሥራ እችለዋለሁ። ይሄን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።»

የዚህ ቤት ማቀዝቀዣ የባትሪ መስመር ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ ሁለቴም ያለ ተራው የጠገነችው ባንቺአየሁ ነበረች።

«አንቺ እኮ ኖረሽዋል» አለች ሶስና። «ማን ይወስድብሻል? እኔ ጋ ያለው ወረቀቱ ነው።»

«የተጠየቅኩት ወረቀቱን ነው።»

«ኃላፊነት ትፈልጊያለሽ ብዬ አላሰብኩም! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ጠይቀሽ አታውቂም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር መሰለኝ።»

ባንቺአየሁ ወደ በሩ ዞረች። እህቷ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ሆና አታውቅም። ግን አልጠየቀችም የሚለው እውነት ነው።

«ቀልዴን እንዳይመስልሽ» አለች ሶስና፣ ድምፅዋ ሳስቶ። «ስናገረው አለቅሳለሁ። የውሸቴን አይደለም። አንዳንዴ በሩን የዘጋሁት እኔ እየመሰለኝ እነቃለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ...»

«ከዚያ ተነስተሽ ቢሮ ትሄጃለሽ፣ ሰው ያጨበጭብልሻል። እኔ ሳለቅስ ያጨበጨበልኝ የለም።» ባንቺአየሁ የበሩን እጀታ ያዘች። «ሦስተኛ ምስክርሽ ማን ነው?»

ሶስና ወደ ግድግዳው ሰሌዳ አየች።

«ቶሌራን አግኝቼዋለሁ፣ ሳያነብ ነው የፈረመው። ሄለንም እንደዚያው ናት። ሦስተኛውን ሰው ላግኘው፣ ቃሉን ያንሳልኝ። ማን ነው?»

ሶስና ተነስታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ ነካች። መጀመሪያ የደረጃ ጫጫታ ተሰማ። ከዚያ የሚጣደፍ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው የሴት ድምፅ መጣ፦

«የቱ ላይ ነው የምናገረው? እዚህ? እሺ። እኔ ባንቺአየሁ አለምነው፣ ሶስና ክፍሉን በደንብ አውቃታለሁ፤ ስለ እሷ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። እንዲያውም አንሶባታል! በይ ልቀቂኝ፣ ሽንኩርቴ አረረብኝ!»

ከዚያ የሁለት ሴቶች ሳቅ ተሰማና ተቋረጠ።

ባንቺአየሁ የገዛ ሳቋን እንደ ሰው ሳቅ ሰማችው። ትዝ አላት። ሁለተኛ ፎቅና ሦስተኛ ፎቅ መሀል ነበሩ፤ ሶስና «ምስክር ጎደለብኝ አበልጄ» አለቻት፣ እሷም ማንኪያዋን እንደያዘች ሮጣ ወጣች።

«ላንብብልሽ ብዬሽ ነበር» አለች ሶስና ቀስ ብላ። «እምቢ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ‹ላንቺ ነው የማነበው? ምን በወጣሽ!› ብለሽ ተቆጣሽኝ።»

ይሄም እውነት ነበር። ሌላው ሁሉ ተሰርቆባት ይሄ ብቻ በትክክል የራሷ ሆኖ ተገኘ።

«ባነብስ ኖሮ?» አለች ባንቺአየሁ።

«ብታነቢ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር። አዘጋጅቼም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ነገሩ ሌላ ነው። ቃልሽን ብታነሺ የሐሰት ምስክር ትባያለሽ፤ ሰባት ዓመት የትም ኃላፊ አትሆኚም። ሁለታችንም እንጎዳለን። ለምን? ሌላ እንፈልግልሽ፣ እስከ ማታ እጨርስልሻለሁ። ባለቤት ያልወጣላቸው አሉ። በጣም ጥሩ ጎርፍ አለ፣ የደቡብ። ማንንም ያልገደለ ነው፣ ለመሸከም አይከብድም።»

ባንቺአየሁ ወጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ ናሆም መስኮቱን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው። ቀድማ መጥታ ግድግዳው ጥግ ቁጭ ብላ ነበር የጠበቀችው።

«ሌላ ዳራ አገኙ?»

«የደቡብ ጎርፍ አለ ተብያለሁ። አልፈለግኩትም። ምስክርነቴን ላነሳ ነው።»

«ነገሩዎት ማለት ነው» አሉ አቶ ናሆም። «ቅጣቱንስ?»

«ነግራኛለች። ሰባት ዓመት።»

«ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ይሆንዎታል። ጣቢያውንም ዛሬ ማታ ያ አንበጣ ያየው ልጅ ይረከባል።»

«ይረከብ። ፊውዝ ሲቃጠልበት ይጠራኛል።»

ተናገረች። የፊተኛውን ቃሏን ሳላነብ የሰጠሁት ነው ብላ አነሳች፤ የአሁኑን ግን አቶ ናሆም ጽፈው ሲያሳዩዋት ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች፣ ከኋላዋ ያለው ሰልፍ እስኪያጉረመርም ድረስ አነበበችው። ሲያልቅ ሰሌዳው ቢጫ በርቶ ጠፋ።

«ጨርሰናል» አሉ አቶ ናሆም። «ዶክተሯ አንድ ምስክር ጎድሎባቸዋል። ሠላሳ ቀን ይሰጣቸዋል፣ ሌላ ይተካሉ።»

«ሌላ? እሷን ማን ይመሰክርላታል?»

«ብሎካችሁ ስንት ፎቅ ነው?»

«አራት።»

«ይበቃቸዋል።»

ባንቺአየሁ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላዋ አንዱ «እትዬ፣ ካለቀልሽ ተነሺልን እንጂ!» አለ። አልዞረችም።

«አንድ ነገር ይጻፉልኝ» አለች። «ሹመቱ ይቅር፤ ካርታም አልፈልግም። ጥሩዬ እህቴ መሆኗና ማንደጃውን ያስገባሁት እኔ መሆኔ ብቻ በስሜ ይጻፍ።»

«ለሹመት ካልሆነ ምን ያደርግልዎታል? ሰው ሥልጣን ካላገኘበት ጥፋቱን አያስመዘግብም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛልኛለች፤ እሷ እናቴ ናት። ሌላ ሰው እንዲይዝልኝ አልፈልግም። ጭብጨባ እንዲበላበትማ ጨርሶ አልፈልግም።»

አቶ ናሆም ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ከሰሌዳው ላይ አነሱ።

«መንገድ አለው» አሉ በመጨረሻ። «ለሹመት ላልሆነ አንድ ምስክር ይበቃል። ግን የሚፈርም ሰው አይደለም፣ የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈለገው። እናትዎ እንደሞቱ ተጽፏል። የመንደር ሰውስ?»

«የመንደሩ ሰው የሚያውቀው እናቴ አስገባችው ተብሎ ነው።»

«ከእናትዎ ሌላ ለማንም ነግረው አያውቁም?»

«ለአንድ ሰው ነግሬያለሁ።»

«ካለማ ጥሩ ነው። ያንን ሰው ይዘው ይምጡ፤ የሰሙትን እዚህ ቆመው ይናገሩ፣ ያልቃል። ማን ይባላሉ?»

ከአቶ ናሆም ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቀኝ እጅጌዋን ሰብስባ ፈገግ ያለች ሴት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ባንቺአየሁ ወደዚያ አየች።

አቶ ናሆም ወንበራቸውን አዙረው ፎቶውን አዩት። ቆየት አድርገው ነው ያዩት። ከዚያ ተመለሱና መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አፍንጫቸው ላይ አስተካከሉ።

«እሳቸው ለምስክርነት የሚገኙት ሐሙስ ሐሙስ ነው» አሉ።